ጋሽ ኪዳኔ፣ የጉርጉሱም ጠባቂ

በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ረቡዕ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አቶ ኪዳኔ በፍራንክፈርት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። ሐኪሞቹ ለልጃቸው የነገሯት ምክንያት የሳንባ ምች ነው። ፓስፖርታቸው ሰባ ስምንት ዓመት ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን ሰማንያን ተሻግሬያለሁ ይሉ ነበር። የትኛው ልክ እንደሆነ ማረጋገጥ አልቻልኩም።

መርዶውን በስልክ የነገረችኝ ሮማን ናት። ሮማን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ እዚህ ያለን ያገር ልጆች ያቋቋምነው ማኅበር ሰብሳቢም እሷ ናት። “ጋሽ ኪዳኔ ዐረፉ” አለችኝ። ከዚያ የጠየቀችኝ ስለ ቀብር አልነበረም። “ዘንድሮስ ወደ ባሕር እንሄዳለን ወይስ ይቅርብን?” አለችኝ።

ጥያቄው ከቀብሩ የቀደመበት ምክንያት አለው። ማኅበራችን በየዓመቱ የሐዋርያት ጾም በተፈታ ሳምንት፣ እሑድ ዕለት፣ አውቶቡስ ተከራይቶ ወደ ሆላንድ ባሕር ዳርቻ ይሄዳል። ከምንሄደው መካከል ዋና የሚችለው ጥቂቱ ነው። ልጆቻችን ውሃ ውስጥ ሲገቡ እኛ ጥብስ እንጠብሳለን፣ እናወራለን፣ አንዳንዶቻችን እንተኛለን። ይህን ሁሉ ያለ ሐሳብ የምናደርገው ጋሽ ኪዳኔ ወንበራቸውን ባሕሩ አፍ ላይ ተክለው ስለሚቀመጡ ነበር። ያለፈው ዓመት ጉዞ ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም።

መጀመሪያ ያወቅኳቸው ኦስትሃፈን በሚባለው የፍራንክፈርት የወንዝ ወደብ ነው። እዚያ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዱ ነበር፤ እኔ ስለ ሥራ ቅነሳ ልዘግብ ሄጄ ነበር። የአገር ልጅ መሆኔን ሲያውቁ ከየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ አላሉኝም። “ዋና ትችላለህ?” አሉኝ። አልችልም አልኳቸው። “እንግዲያው ማይን ወንዝ ዳር ስትሄድ ከአጥሩ ወዲህ ሁን” ብለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ጥያቄው ለሁሉም ሰው ነበር። ሙሽራን በሠርጓ ቀን ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። አዲስ የመጡ ቄስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያስተዋውቋቸው መስቀል ከተሳለሙ በኋላ “አባ፣ ዋና ይችላሉ?” አሏቸው። ቄሱ ፈገግ ብለው፣ እኔ የማውቀው የጥምቀቱን ውሃ ነው ሲሉ፣ ጋሽ ኪዳኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። “እሱማ ከጉልበት አያልፍም” አሉ። ልጆች “ጋሽ ባዴማይስተር” ይሏቸው ነበር፤ ጀርመኖች የመዋኛ ጠባቂን የሚጠሩበት ስም ነው። እሳቸውም ሲጠሩበት አቤት ይላሉ።

ውሃ ዳር መጠበቁን በጉልምስናቸው አልጀመሩትም። አባታቸው ከጎንደር ወርደው ምጽዋ የባቡር ሠራተኛ ሆኑ፤ ጋሽ ኪዳኔም እዚያው አደጉ። ከምጽዋ ወደ ሰሜን፣ ጉርጉሱም በሚባለው ዳርቻ፣ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት የመታጠቢያው ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። ስለዚያ ዳርቻ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላዘጋጅ ፈልጌ ብዙ እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ ማይንን ተከትለን እየሄድን ጠይቄያቸዋለሁ። የነገሩኝን ከሌላ ሰው ካላረጋገጥኩ እንደማልጽፍ ሲያውቁ ቅር አላላቸውም። “ጥሩ ነው” አሉኝ፣ “እኔም አንድ ሰው ወጣሁ ስላለኝ ወጣ አልልም። ካላየሁት አልወጣም።”

በኢጣሊያ ዘመን መልካሙ አሸዋ ለነጮች ተለይቶ እንደነበር ከአባታቸው ሰምተዋል። ያገሬው ሰው ገላውን የሚታጠበው ዓሣ አጥማጆች ጀልባ በሚጎትቱበት በኩል ነበር። በኋላ ክልከላው ተነሣ፤ ልማዱ ግን ወዲያው አልተነሣም። እሳቸው በተቀጠሩበት ጊዜ እንኳን የሀብታሞቹ ቤተሰቦች ጥላ ባለበት፣ ሌላው ሕዝብ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ ነበር። ጥላው ጋ ሌሎች ጠባቂዎች ነበሩ። የእሳቸው ድርሻ ፀሐዩ ነው። አስመራ ሲበርድ ደገኛው ቅዳሜና እሑድ በሊቶሪና ባቡርና በአውቶቡስ፣ ድስቱንና ሕፃኑን ተሸክሞ ይወርዳል። ይህን በዚያ ዘመን አስመራ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ነግረውኛል።

“ደገኛ ባሕር ሲያይ መጀመሪያ ይስቃል” ይሉ ነበር ጋሽ ኪዳኔ። “ቀጥሎ ይቀምሰዋል። ቀጥሎ ጫማውን ያወልቃል። እኔ የምነሣው ያኔ ነው።”

ሰውን በመቁጠር አያምኑም። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይቀላቀላል፤ የሚቆጥረውም ይደክማል። የእሳቸው ዘዴ ጫማ ነበር። ወደ ውሃ የሚገባ ሁሉ ጫማውን ከወንበራቸው ፊት በአንድ መስመር፣ አፍንጫውን ወደ ባሕር አዙሮ ያስቀምጣል። ሲወጣ ያነሣል። ጫማ ከሌለው ነጠላውን ወይም ድንጋይ ያስቀምጣል። ሕዝቡ ለምሳ ሲሰበሰብ ወይም ፀሐይ ስትዘቀዝቅ መስመሩ ላይ የቀረ ጫማ ካለ ባለቤቱ ውሃ ውስጥ ነው። ጫማውን ሳያነሣ በባዶ እግሩ የሄደ ሰው ካለ እስከ አስመራው አውቶቡስ ድረስ ሄደው ተሳድበው ይመልሱት ነበር። አንድ የጦር መኮንን በዚህ ምክንያት በጥፊ ሊመታቸው ተነሥቶ፣ ሚስቱ “እሱ ነው እንጂ የሚያስብልህ” ብላ እንዳስቆመችው ሲነግሩኝ ይስቃሉ። ይህችን ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ሌላው የሚደጋግሙት ነገር ነበራቸው። “የሚጮኽ ሰው ገና አየር አለው” ይላሉ። የሚሰምጥ አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ ዝም ብሎ ውሃው ላይ ቆሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ይመስላል። እናቱ አጠገቡ ቆማ የሚጫወት ይመስላታል። ይህን ከነገሩኝ በኋላ ማንኛውንም ዝም ያለ ልጅ ውሃ ውስጥ ሳይ እስኪመልስልኝ እጣራለሁ።

ጦርነቱ ሲበረታ ዳርቻው ባዶ ቀረ። ፈንጂ ተቀብሯል ተባለ፤ ተቀብሮ ይሁን አይሁን አያውቁም፣ ግን ማንም ሊያረጋግጥ አልሄደም። እሳቸው በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ ደረሱ። እዚህም ያገኙት የመጀመሪያ ወሬ ስለ ዳርቻ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባቸው፣ የፍራንክፈርት ሰው ድሮ ማይን ወንዝ ላይ በተንሳፈፉ የእንጨት መታጠቢያዎች ይዋኝ እንደነበር ነገራቸው። ከተማው ቤተ መዛግብት ሄጄ ሥዕሉን አይቻለሁ፤ እውነት ነው። ውሃው ሲቆሽሽ ቀረ። “ይህም ከተማ ዳርቻ ነበረው፤ ራሱ ዘጋው” አሉኝ በወንዙ የብረት ድልድይ ላይ ቆመን። “ዳርቻ ሲዘጋ ሰው ዋና ይረሳል። ውሃው ግን እዚያው ነው። አንድ ቀን ይሞቀውና ዘልሎ ይገባል።” ሙቀት በበረታ ቁጥር ወንዙ ዳር ወርደው፣ ዘለው ለመግባት ሸሚዛቸውን የሚያወልቁ ጎረምሶችን በአማርኛም በትግርኛም በጀርመንኛም ይቆጡ ነበር።

ባለፉት ዓመታት በማኅበሩ ውስጥ የባሕር ነገር ሲነሣ ወሬው ወደ ወደብ እየሄደ ያስቸግር ጀመር። የማን ነበር፣ የማን ነው፣ የማን ይሆናል። ከኛ ጋር የሚቀመጡ ኤርትራውያን አሉ፤ ድምፅ ከፍ ይላል። አንድ ቀን ሁለቱም ወገን ጋሽ ኪዳኔን ምስክር አድርጎ ሊያቆማቸው ሞከረ። “እኔ የጠበቅኩት ወደቡን አይደለም” አሉ፣ “ገላውን የሚታጠበውን ሰው ነው። የማንም ሰው ይሰምጣል።” ወሬው በዚያ ቀን ቆመ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንዲት ልጅ ከጉርጉሱም የተላከላትን ቪዲዮ በስልኳ አሳየቻቸው። ጃንጥላ ተተክሏል፣ ልጆች ይሮጣሉ፣ ሴቶች ልብሳቸውን እንደለበሱ ውሃው ውስጥ ተቀምጠዋል። “ጠባቂ ይታያል?” ብለው ጠየቁ። አይታይም አለቻቸው። ደግመው አስከፈቷት። ስልኩን ወደ ፊታቸው እያስጠጉ፣ እያስጠጉ፣ መስተዋቱ አፍንጫቸውን ሊነካ ሲደርስ አየሁ። በዚያ ቅጽበት ስለ ጉርጉሱም ማሰብ ተውኩና ስለ ቀጣዩ ሐምሌ ማሰብ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲያ አስተዋልኳቸው። በሚኖሩበት ሰፈር፣ በኖርድቬስትሽታት ጣቢያ ላይ ባቡር ሲመጣ ቁጥሯ ስንት ናት ብለው ይጠይቁ ጀመር፤ መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው ይሉ ነበር። መነጽር አድርገው አይቻቸው አላውቅም። ሰውን ድምፁን ሳይሰሙ ሰላም አይሉም። አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ የመጨረሻዋን እርከን አጥተው ክንዴን ያዙ፤ ይዘውኝም ስለ አየሩ ጠባይ ማውራታቸውን ቀጠሉ።

ለሮማን ነገርኳት። እሷም አይታለች። ዳዊትም አይቷል፤ ዳዊት አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል፤ ከማኅበሩ በደንብ የሚዋኘው እሱ ነው። ሦስታችን ሮማን ቤት ተቀመጥን። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የማያይ ሰው ባሕር አይጠብቅም። ይህን ማን ይንገራቸው የሚለው ነው ያልተገለጠው። ሮማን፣ እሳቸውን ተነሡ ማለት ከቤታቸው ማስወጣት ነው አለች። ዳዊት ወለሉን እያየ “እኔስ በምን አፌ?” አለ። እኔ ሄጄ ልጠይቃቸው ተስማማን።

ቤታቸው ሰባተኛ ፎቅ ነው። በሩን ከፍተው ገና ሳልናገር በስሜ ጠሩኝ፤ እርምጃዬን አውቀውታል። ዓይንዎ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ዕድሜ ነው አሉ። ደግሜ ጠየቅኩ። “አውገንአርትስት ጋ ቴርሚን አለኝ” ብለው ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። ለሮማን የነገርኳት ይህንኑ ነው፤ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለኝ ብለዋል፣ ሌላ አላሉም። ሮማን አሰበችና፣ እንግዲያው እሳቸው ይቀመጡ፣ ዳዊት ከኋላቸው ሆኖ ይይ፤ እሳቸውም ሳያውቁ ያልፋል አለች። ሁላችንም ቀለለን። ሌላ ሰው ቢሰማን ይገርመው ነበር፤ እኛን ግን አልገረመንም።

የጉዞው እሑድ ደርሶ ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። አውቶቡሱ ውስጥ ጋሽ ኪዳኔ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠው ባዶ ጄሪካኖች መጫናቸውን ጠየቁ። በየዓመቱ ይጠይቃሉ፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ሰው ይዞ ይንሳፈፋል። ተጭነዋል። ለልጆች መንሳፈፊያ ተብለው ከሚሸጡት የጎማ እንስሳት ግን አንዱንም አያስገቡም። ነፋሱ ከየብስ ሲነፍስ ልጁን ይዘውት እንደሚሄዱ ነው የሚያምኑት፤ አንድ ዓመት የአንዷን ልጅ የጎማ ፍላሚንጎ በቢላ በስተው፣ ስታለቅስ እጇን ይዘው አይስክሬም ሊያበሏት ሄደዋል።

እዚያ ዳርቻ የመንግሥት ጠባቂዎች አሉ። በሁለት ባንዲራዎች መካከል ያለውን ውሃ ያያሉ። ነገር ግን እዚያ ሰው ይበዛል፣ እሳት ማንደድም አይፈቀድም። እኛ ሁልጊዜ ከባንዲራዎቹ ርቀን ነው የምንሰፍረው። ጥብሱ እዚያ ነው።

ጋሽ ኪዳኔ ወንበራቸውን ተከሉ። ልጆቹ ጫማቸውን ደረደሩ። ጠዋት ባሕሩ ሞልቶ ነበር፤ እሳቸው ለረጅም ጊዜ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና በበትራቸው አሸዋው ላይ መስመር አሰመሩ፤ ከዚህ ወዲያ ማንም አይገባም። ሰሜን ባሕር ቀይ ባሕር ያላስተማራቸውን እዚህ አስተምሯቸዋል። ሞገዱ በሁለት በኩል እየተሰበረ በመካከሉ ጸጥ ያለ ውሃ ካለ፣ የሚያስፈራው ሞገዱ ሳይሆን ጸጥ ያለው ነው። ወደ ዳር የመጣው ውሃ ሁሉ በዚያ በኩል ነው ወደ ጥልቁ የሚመለሰው። እናቶች ደግሞ ልጆቻቸውን የሚያስገቡት ረጋ ወዳለው ነው።

ዳዊት ከወንበሩ ኋላ ቆመ። ጋሽ ኪዳኔ ጥላውን አዩት ወይም ትንፋሹን ሰሙት፤ ምን ትገተራለህ፣ ሂድ ብላ አሉት። ዳዊት ትንሽ ወደ ኋላ አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና፣ ሌሊት ሥራ ላይ አድረሃል፣ ሂድና ጋደም በል አሉት። ዳዊት ሄደ። ሮማን ከጥብሱ ቀና ስትል ወንበሩ ላይ ሰው አለ። ስለዚህ ሥራዋን ቀጠለች።

ከቀትር በኋላ ባሕሩ ሲጎድል ጠዋት የተሰመረው መስመርና ውሃው ተለያዩ። ጸጥ ያለው ቦታ ቀደም ሲል ወዳልነበረበት መጣ። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው። የሮማን ልጅ ሊያ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷን ከሩቅ ጠርታ፣ ጉልበቷን በእጇ እያሳየች “ኢሽ ጌ ኑር ቢስ ሂር” ብላ ነበር፤ እስከዚህ ብቻ ነው የምገባው ማለቷ ነው። እናቷም እሺ አለቻት።

ምሳ ሲደርስ ልጆቹ ተጠርተው መጡ፣ ጫማቸውን አነሡ። ጋሽ ኪዳኔ ከወንበራቸው ሳይነሡ ባዶ እግራቸውን በመስመሩ ላይ ሲያንሸራትቱ አየሁ። እግራቸው ቆመ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱ። ትንሽ ሰንደል ነው፣ ዘለበት ያለው።

“ሮማን፣ ይህ የማን ነው?” አሉ።

“የልጆቹ ይሆናላ ጋሽዬ፤ ረስተውት ሄደው ነው” አለች ሳትዞር።

ሰንደሉን ይዘው ተነሡ። ከዚያ ድምፃቸውን ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማው አነሡት።

“እኔ አይታየኝም! ዓይኔ ጠፍቷል። እናንተ እዩ! ልጅ ውሃ ውስጥ አለች።”

ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ባሕሩ ዞረ። መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ከዚያ ጸጥ ባለው ውሃ ላይ፣ ከጠበቅኩት በጣም ርቆ፣ አንድ ጭንቅላት አየሁ። ሮማን ልትሮጥ ስትል ሁለት ሴቶች ያዟት። ዳዊት ካንቀላፋበት ብድግ ብሎ እየሮጠ ነበር። ጋሽ ኪዳኔ ጄሪካን ይዘህ ግባ ብለው ጮኹበት፤ አንዱን መንትፎ ሄደ። ሁለት ሰዎች ወደ ባንዲራዎቹ ሮጡ። እሳቸው ክንዴን ያዙኝ።

“ጋዜጠኛ፣ ንገረኝ። ፊቷ ወዴት ነው?”

“ወደ እኛ።”

“እጇን ታወናጭፋለች?”

“አታወናጭፍም።”

“አፏ ከውሃው በላይ ነው?”

“አንዳንዴ።”

ጣቶቻቸው ክንዴ ውስጥ ገቡ። ዳዊት የት እንደደረሰ ጠየቁ፤ ከወገቡ አልፎ መዋኘት ጀምሯል አልኳቸው። ውሃው እየወሰደው ነው ወይስ እየታገለ ነው አሉ። እየወሰደው ነው አልኩ። “ይውሰደው፣ ወደሷ ነው የሚወስደው” አሉ። ቀጥሎ ጭንቅላቷ ጠፋብኝ። ያየሁትን ለመናገር ነውና የተያዝኩት፣ አላያትም አልኳቸው። በኋላችን ሮማን የምታሰማው ድምፅ ቃል አልነበረውም።

ዳዊት አንድ ጊዜ ወደ ታች ገባ። ሲወጣ ፀጉሯን ይዞ ነበር። ጄሪካኑን ደረቷ ሥር አደረገ። ይህን ስነግራቸው፣ ወደ እኛ እንዳይዋኝ ንገሩት፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፍ አሉ። ሁላችንም በእጃችን እያመለከትን ጮኽን፤ ሰምቶን ይሁን ደክሞት፣ አልዋኘም። ጠባቂዎቹ በትንሽ ጀልባ ደርሰው ሁለቱንም አነሷቸው። ሊያ አሸዋው ላይ ስትተኛ ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። አሳላት፣ አስመለሳት፣ ከዚያ አለቀሰች። ጋሽ ኪዳኔ የልቅሶዋን ድምፅ ሲሰሙ ነው ክንዴን የለቀቁት።

አምቡላንስ እናትና ልጅን ይዞ ሄደ፤ በማግስቱ ደኅና ናችሁ ተብለው ተመለሱ። እኛ ግን ያን ቀን ምሳውን ሳንበላ ጫንነው። ጀርመን ድንበር ካለፍን በኋላ ጋሽ ኪዳኔ ዳዊትን አጠገባቸው አስቀመጡት።

“እኔን እንድትጠብቅ ተነግሮህ ነበር?”

ዳዊት፣ አዎ አለ።

“ታዲያ ሂድ ስልህ ለምን ሄድክ?”

“ጋሽዬ፣ እርስዎ ሂድ ብለውኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?”

ፍራንክፈርት ስንደርስ የዳዊትን ክንድ ይዘው ወረዱ።

ሮማን በሳምንቱ ልታመሰግናቸው ምግብ ሠርታ ሄደች፤ አብሬያት ነበርኩ። ሊያን ይዛ ነበር። ልጅቷ ጉልበታቸውን ስማ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሮማን ምስጋናዋን ስትጀምር እጃቸውን አነሡ።

“አታመስግኝኝ” አሏት። “አንቺ ታውቂ ነበር። እኔም ካወቅኩ ከርሜአለሁ፤ ግላኮማ ነው፣ አይመለስም ብለውኛል። አንቺ እኔን አፈርሽ፣ እኔ ራሴን አፈርኩ። ልጅቷ በመካከላችን ነበረች።”

ሮማን አለቀሰች። እሳቸው አላባበሏትም፤ ምግቡን እንድታቀርብ ብቻ ነገሯት፣ አብረን በላን።

በጥቅምት የማኅበሩ ስብሰባ ላይ በዳዊት ክንድ ተይዘው መጡና ለመናገር ጠየቁ። ከእንግዲህ ባሕር አልጠብቅም አሉ። እናንተም ጥብስ ፍለጋ ከባንዲራው አትራቁ አሉ። ከኋላ አንድ የዕድሜ እኩያቸው “ኧረ አቶ ኪዳኔ፣ እርስዎማ በልብዎ ያያሉ” አለ። ሰዉ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ።

“ይኸው፣ ደግሞ ጀመራችሁ” አሉ ጋሽ ኪዳኔ። “በልቤ አይደለም የማየው። አላይም።”

ማንም አላጨበጨበም። ተቀመጡ። ከማኅበሩ ጋር የመጨረሻ ቀናቸው ያ ነበር። የፈረንጁን ክረምት በጉንፋን ከርመው በጾሙ ውስጥ ሆስፒታል ገቡ። ስለ ጉርጉሱም የጀመርነው ገና ነበር፤ ከጥላው በኩል ይጠብቁ የነበሩትን ሰዎች ስም ሊነግሩኝ ቀጠሮ ነበረን።

ከአርባቸው በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ለመሄድና ለመቅረት ድምፅ ተሰጠ። ሮማን ይቅር ከሚሉት ወገን ነበረች፤ ለመሄድ የመረጡት በለጡ። እሷም ሰብሳቢ ናትና አውቶቡሱን ተከራየች።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ እሑድ ሄድን። በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ሰፈርን። እሳት አልነደደም፤ ምሳው የቀዘቀዘ ነበር፣ ጥቂት ሰዎችም አጉረመረሙ። ሮማን ሙሉ ቀን ቆማ ዋለች። ሊያ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ወጣች። አውቶቡሱ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ኖርድቬስትሽታት ቆመ። የሄዱት ሁሉ ወረዱ።